ጎሽ ያልተጻፈበት ጃንጥላ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መቱ ውስጥ ሻይ የሚጋብዘኝ ሰው ሁሉ የሚፈልገው የግድያ ወሬ ነው። «ጋሽ ደረጀ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ዐቃቤ ሕግ ሆነው እንዴት አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አይነግሩንም?» ይሉኛል። እኔም እውነቱን እነግራቸዋለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ፣ ከሚስቴ ጋር ያኳረፈኝ፣ በከተማው መሀል አንገቴን ያስደፋኝ ክስ የጃንጥላ ክስ ነው እላቸዋለሁ። ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ፤ ሻዩን ከፍለው ይሄዳሉ። ያልሰሙኝ ስለበዙ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ተወልጄ ያደግሁት መቱ ነው። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሸዋ መጥቶ የዚህ አገር ዝናብ መመለሻ አሳጥቶት የቀረ ሰው ነበር። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እያልኩ ነው ያደግሁት፤ በአንዱ እሰደባለሁ፣ በሌላው አጸፋውን እመልሳለሁ። ሕግ የተማርኩት ግን በአማርኛ ነው። በኦሮሚያ የፍርድ ቤት ሥራ በኦሮምኛ ሲሆን ከመቱ ብዙ የማትርቀው ሁሩሙ ተመደብኩ፤ ጥርስ ሳላወጣ የምናገረው ቋንቋ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። መናገርና መጻፍ አንድ የመሰለኝ ያኔ ነው።

የመጀመሪያ ክሴ የጎመን ስርቆት ነበር። አንድ ሰው ከጎረቤቱ ጓሮ ገብቶ ጎመን ነቀለ። በኦሮምኛ ጎመን «ራፉ» ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ ሳብ ይላል፤ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ሲጻፍ ፊደሉ ይደገማል። እኔ አንዱን ፊደል አስቀርቼ «ረፉ» ብዬ ጻፍኩት። ረፉ ማለት መተኛት ነው። ዳኛው ክሱን ጮክ ብለው ሲያነቡት ተከሳሹ በሌሊት ጓሮ ገብቶ እንቅልፍ ሰረቀ ሆነ። መነጽራቸውን አወለቁና «ታዲያ እንቅልፉ የተሰረቀው የዘበኛው ነው?» አሉኝ። ሁሩሙን እስክለቅ ድረስ የገበያ ቀን ባለፍኩ ቁጥር ማር ሻጮቹ «አባ ረፉ መጣ» ይሉኝ ነበር። ደመወዟ እንኳ ያን ያህል የምትክስ አልነበረችም።

ከዚያ ወደ መቱ ተዛወርኩና ከጋሽ ከድር እጅ ወደቅሁ። ጋሽ ከድር የቢሮው ኃላፊ ነበሩ፤ ቤተሰባቸው በቡና ንግድ የታወቀ፣ እሳቸው ግን መነገድ ያልሆነላቸው ሰው ናቸው። «ዋጋ ሲጠሩልኝ ውሸታም ይመስሉኛል፤ ስለዚህ ሕግ ተማርኩ» ይሉ ነበር። ሲያስቡ ጫማቸውን ከጠረጴዛው ሥር ያወልቃሉ። አንድ ቀን ችሎት ውስጥ አውልቀው አንዱን ጫማ ወደ ጠበቃው በኩል ገፍተውት፣ መስቀለኛ ጥያቄውን በአንድ ካልሲ ጨርሰውታል።

ዋናው ነገራቸው ግን ወንበሩ ነው። ቢሯቸው ውስጥ አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር ነበር፤ «የተከሳሽ ወንበር» ይሉታል። ክስ ጽፈህ ስትመጣ ከመፈረማቸው በፊት እዚያ ላይ ያስቀምጡሃል። «አሁን አንተ ተከሳሹ ነህ። ተከላከል» ይላሉ። እየተወዛወዝክ ራስህ በጻፍከው ክስ ላይ ትከራከራለህ። ካሸነፍክ መዝገቡን መልሰው ወደ አንተ ይገፉታል። ለምን ወንበሩን እንደማያስጠግኑት ስጠይቃቸው «ቀጥ ብሎ በቆመ ወንበር ላይ ማንም ጻድቅ ነው» አሉኝ።

አንድ ጊዜ የዛቻ ክስ ይዤ ገባሁ። ሁለት ሰዎች በንብ ቀፎ ተጣልተው አንደኛው «እገድልሃለሁ» ብሏል፤ ምስክሩም በጆሮው ሰምቷል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ስወዛወዝ ጋሽ ከድር «ምስክሩ የት ቆሞ ነበር?» አሉኝ። ሶር ፏፏቴ አጠገብ አልኳቸው። ጫማቸውን አደረጉ። «ሶር አጠገብ ሰው የገዛ ሚስቱን አይሰማም፤ እንኳን የሰው ዛቻ» አሉና ክሱ እዚያው ሞተ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚባለውን እኔ የተማርኩት ከዚያ ወንበር ላይ ነው።

ጋሽ ከድር አንድ ክፉ አመል ነበረባቸው፤ ያጨሳሉ። የሚያጨሱት ሲጋራ ስሙ «ጎሽ» ነበር። ቢጫ ፓኬት፣ ፊት ለፊቱ ላይ ሁለት ቀይ ቀንድ። አማርኛ ለሚሰማ ሰው ጎሽ የዱር አውሬም ነው፣ ሰው ደግ ሲሠራ የሚባልለትም ነው። ደረታቸው እምቢ ብሎ ሐኪም ሲከለክላቸው ምን እንደሳባቸው ጠየቅኋቸው። «በዚህ ቢሮ ጎሽ የሚለኝ ፓኬቱ ብቻ ነበር» አሉኝ። ያኔ ስቄ ነበር። እሳቸውም ማንንም ጎሽ ብለው አያውቁም። ብዙ ሳይቆዩ በሕመም ጡረታ ወጡ፤ ወንበሩንም ቢሮው ሊጥለው ሲል በባጃጅ ጭነው ወደ ቤታቸው ወሰዱት።

ከዚያ በኋላ ነው ትንባሆን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ማስተዋወቅ፣ በትንባሆ ስም ውድድርና ድግስ ስፖንሰር ማድረግ የሚከለክለው ሕግ የመጣው። ሕጉ ሲነበብ ቀላል ነበር። «በተዘዋዋሪ» የምትለዋ ቃል ግን እንደ እኛ አገር የጭቃ መንገድ ነበረች፤ ከላይ ደረቅ መስላ፣ ስትረግጣት እስከ ጉልበት የምትውጥ።

የጎሽ ሲጋራ ወኪል የመቱው ጅምላ ነጋዴ አቶ ይልማ ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም። ለቅሶ ላይ ቀድመው የሚደርሱ፣ ሠርግ ላይ ቀድመው የሚጨፍሩ፣ እኔንም መንገድ ላይ ካገኙኝ ባርኔጣቸውን ሳያነሱ የማያልፉ ሰው ናቸው። እሳቸው የሁሩሙን የትምህርት ቤቶች እግር ኳስ ውድድር ስፖንሰር አደረጉ። ሜዳው ዙሪያ ቢጫ ጨርቅ ተወጠረ፤ ጨርቁ ላይ በቀይ አንድ ቃል ብቻ ተጻፈ፤ «ጎሽ!»። ከፓኬቱ ላይ እንዳለው ያለ ፊደል፣ ያው ቀለም። ልጆቹ ጎል ሲያገቡ ሜዳው በሙሉ ጨርቁን እያየ «ጎሽ! ጎሽ!» ይላል።

እኔ የመቱ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ይህን ሳይ ክሱ ተቆርሶ የተሰጠኝ እንጀራ መሰለኝ። ጋሽ ከድር ታመው ስለነበር አላስቸገርኳቸውም፤ ወንበር ላይም አልተቀመጥኩም። ክሱን በኦሮምኛ ጻፍኩ። ኦሮምኛ ክስ ውስጥ አማርኛ ቃል መተው አላዋቂነት መሰለኝና ጎሽን ተረጎምኩት፤ «ገፈርሳ» አልኩት። በጎመን የተሳሳትኩ ሰው፣ በገፈርሳስ ፊደል አላጎደልኩም ብዬ ኮራሁ።

የአቶ ይልማ ጠበቃ ወጣት፣ ሱፉ ላይ ጭቃ የማይነካው ልጅ ነበር። ቆመና ፓኬቱን ከፍ አድርጎ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እዚህ ላይ ገፈርሳ የሚል አለ?» አለ። የለም። ጨርቁን ዘርግቶ «እዚህስ?» አለ። የለም። «ዐቃቤ ሕግ በዓለም ላይ በሌለ ሲጋራ ነው ደንበኛዬን የከሰሰው» አለ። ከዚያ ጣቱን ከቃሉ መጨረሻ ላይ፣ ከቃለ አጋኖዋ ላይ አሳረፈ። አውሬ ቃለ አጋኖ የለውም፤ ይህ ማበረታቻ ነው፣ ኦሮምኛው «ጀባዹ» ነው፣ በርታ እንደ ማለት ነው አለ። ርእሰ መምህሩን ምስክር አቀረበ። ርእሰ መምህሩም ልጆች ጎል ሲያገቡ ጎሽ ማለት ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ነው ሲሉ፣ አጭርና ጥርት ያለ መልስ የናፈቃቸው ዳኛ ሳያስቡት «ጎሽ!» አሏቸው።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ራሳቸው አፋቸውን በመዝገብ ከለሉ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም፤ ክሴ ሲሞት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አቶ ይልማ በነፃ ተሰናበቱ። በር ላይ ጠበቃው ጠጋ ብሎ በአማርኛ «ጋሼ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የወጡት» አለኝ። ላም ባይውልበትም ጎሽ ውሎበታል ልለው አስቤ፣ ቃሉን ለመጥራት አፈርኩ። ያን ሰሞን በዚያች አንድ ቃል ምክንያት ሻይ ቤት መግባት ተውኩ። በሥራ ዘመኔ ሙሉ እንደዚያ ያቃጠለኝ ሽንፈት የለም፤ እስከ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በተከታዩ ዓመት አቶ ይልማ ጨርቅ አልወጠሩም። ጃንጥላ አደሉ። መቱን የሚያውቅ ሰው የዚህን ብልጠት ይረዳዋል፤ እዚህ ዝናቡ የሚያርፈው ድምፁን ለማጥራት ያህል ነው። ጃንጥላው ቢጫ ነው፤ አናቱ ላይ ሁለት ቀይ ቀንድ አለበት። ጽሑፍ የለበትም። አንዲት ፊደል የለችበትም። ለተማሪዎች በሽልማት ስም፣ ለባለሱቆች በወዳጅነት ስም ተሰጠ፤ በአንድ ክረምት መቱም ሁሩሙም ቢጫ ሆኑ። የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ይዞታል። ሐኪም ቤት ወረፋ የሚጠብቀው ይዞታል። አንድ ጠዋት ሚስቴ አስካለ ገበያ ልትወጣ ስትል «ደረጀ፣ ያን ጎሼን አቀብለኝ» አለችኝ።

«ምንሽን?»

«ጎሼን! ከበር ኋላ ያለውን። ደግሞ ክሰሰኝ!»

ጃንጥላውን ማን እንደሰጣት ሳጣራ ከእህቷ ነው ያገኘችው። ያን ዕለት ኩርፊያ ጀመርን። እሷ በጃንጥላዋ፣ እኔ በሕጌ።

ክስ ለመመሥረት ግን ገና አልቆረጥኩም ነበር። ያስቆረጠኝ የሁሩሙ ትምህርት ቤት ነው። ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ዝናብ ያዘኝና የትንንሾቹ ክፍል በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። የአማርኛ መምህርቷ ሰሌዳ ላይ ሥዕል እየሳለች ልጆቹን ታስጠራለች። ቤት ሳለች፤ «ቤት!» አሉ። ዛፍ ሳለች፤ «ዛፍ!» አሉ። ጃንጥላ ሳለች፤ ክፍሉ በአንድ አፍ «ጎሽ!» አለ። መምህርቷ ሳቀች፤ እኔ ግን ብርድ ብርድ አለኝ። ከነዚህ ልጆች አንዱም ሲጋራ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ስሙን ግን እንደ ቤትና እንደ ዛፍ ለምደውታል፤ የሚያስጠልላቸው ነገር ስም አድርገውታል። ይህ ነገር እንዲሁ ከቀረ እነዚህ ልጆች ሲያድጉ ሱቅ ሄደው ምን ብለው እንደሚጠይቁ ታየኝ። አዘንኩ፤ ከዚያም ተናደድኩ።

በዚያው ዝናብ ተመልሼ ጋሽ ከድር ቤት ሄድኩ። ትንፋሻቸው አጥሯል፤ ዓረፍተ ነገር በሁለት በሦስት ይቆርጣሉ፤ ቁጣቸው ግን ሙሉ ነው። «ያለ ወንበር ከሰህ ተሸነፍክ አሉ» አሉኝና ወንበሩን በእግራቸው ገፉልኝ። ተቀመጥኩ። አቶ ይልማን ሆንኩ። ጌታዬ፣ ጽሑፍ የለበትም አልኩ። ቢጫ የሁሉም ነው፤ አደይም ቢጫ ናት አልኩ። ቀንድስ ቢሆን የኢሉባቦር ጫካ ጎሽ የሚውልበት ነው፤ የአገሬን አውሬ ብስል ምን አጠፋሁ አልኩ። እየተወዛወዝኩ አሳምሬ ተከራከርኩ።

«ነፃ ነህ፤ ሂድ» አሉኝ ጋሽ ከድር።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ረጅም ሳል ሳሉ። «ስም የለበትም ካሉ... ስሙን አንተ አትጥራ። አንዴ ጠርተህ... ተርጉመህ... አይተኸዋል። የጠራው ሰው ይጥራው። አንተ ዝም በል። ዝም ማለት ትችላለህ?»

አስካለ ብትሰማ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራት።

ከሰስኩ። በአዲሱ ክስ ውስጥ ያቺ ቃል በአማርኛም በኦሮምኛም የለችም፤ የሲጋራውን ፓኬት ፎቶግራፍ ከጃንጥላው ፎቶግራፍ ጎን አያያዝኩና «ኤግዚቢት» እያልኩ ብቻ ጻፍኩ። ምስክር ያደረግኋቸው ባለሱቆች ግን ከዱኝ። ጠበቃው አስጠንቶአቸዋል። «ይህ ምንድን ነው?» ስላቸው አንድ በአንድ እንደ ጸሎት «ዲባቤ» ይላሉ፤ በኦሮምኛ ጃንጥላ ማለት ነው። ገበያ ላይ በዚህ ስም ሰው ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። ሦስተኛው ምስክር «ዲባቤ» ሲል ጠበቃው ፈገግ አለ፤ እኔ ጫማዬን ከጠረጴዛ ሥር አወለቅሁ።

አቶ ይልማ ለመከላከያቸው ራሳቸው ሊመሰክሩ የቆሙ ዕለት ሰማዩ ተቀደደ። የችሎቱ ጣሪያ ሲደበደብ ዳኛው አንገታቸውን አስግገው ነው የሚሰሙት። ሰው ሁሉ በጃንጥላ ገብቷል፤ የከሳሽ ወገን፣ የተከሳሽ ወገን፣ ጉዳዩ የማይመለከተው ሳይቀር። ችሎቱ ውስጥ ከኤግዚቢቱ የበለጠ ኤግዚቢት ነበር። ከጃንጥላዎቹ የሚንጠባጠበው ውሃ ከግድግዳው ሥር ተነሥቶ እስከ ዳኛው መድረክ ሲደርስ፣ ዳኛው ጥበቃ ላይ ያለውን ፖሊስ ጠሩና ጃንጥላውን በሙሉ ሰብስቦ እንዲያወጣ አዘዙ። ፖሊሱ በክንዱ ሙሉ እያቀፈ ሄደ። ከአቶ ይልማ አጠገብ የነበረውን፣ የእንጨት እጀታ ያለውን፣ ለራሳቸው ያሠሩትን ሲያነሳ አቶ ይልማ መሐላ ላይ መሆናቸውን ረሱ።

«ጎሺ ኮ ሂንፉዸቲና!» ብለው ጮኹ። ጎሼን እንዳትወስዱብኝ ማለታቸው ነው።

ዝናቡ እንኳ ያቆመ መሰለኝ። ዳኛው በቀስታ «ማል ጄቴ?» አሏቸው፤ ምን አልክ?

«ዲባቤ! ዲባቤዬን ማለቴ ነው ጌታዬ!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ጠበቃው ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። እኔ ዝም አልኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ዝምታ የለም። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው «ዐቃቤ ሕግ ጥያቄ አለው?» ሲሉ በካልሲ ተነሥቼ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ። «አቶ ይልማ፣ ይህን ስም ጃንጥላው ላይ የት ጋ አነበቡት?»

መለሱልኝ፤ ሰውየው ክፉ አይደሉም አላልኩም? ራሳቸውን ነቅንቀው «የትም፤ ታዲያ ሌላ ምን እለዋለሁ?» አሉ። ፍርዱ ላይ ዳኛው ያቺን ቃል ሳይተረጉሟት እንዳለች አስገቧት። አንድ ነገር ስሙ ሳይጻፍበት በስሙ የሚጠራ ከሆነ ተዋውቋል ማለት ነው ብለው ጥፋተኛ አሏቸው።

የቀረው ጃንጥላው ነበር። ሕጉን ሙጭጭ ብዬ ብይዝ ሁሉም ተሰብስቦ ይወገድ ማለት እችል ነበር፤ ነገር ግን ሁሩሙ ላይ ከትምህርት ቤት ዝናብ እየመታቸው የሚገቡ ልጆች ታወሱኝ። ስለዚህ ቀለሙና ቀንዱ በተከሳሹ ወጪ ይጥፋ፣ ጃንጥላው ግን በሰው እጅ ይቆይ ብዬ አመለከትኩ፤ ተፈቀደልኝ። አቶ ይልማ ብልህ ነጋዴ ናቸውና ርካሹን መንገድ መረጡ። ግቢያቸው ውስጥ በርሜል ጥደው ጃንጥላውን ሁሉ ጥቁር ቀለም ነከሩት። መቱ በሁለት ቀን ውስጥ ከቢጫ ወደ ጥቁር ተለወጠች፤ እኔም ድሌን እያየሁ በኩራት በዋናው መንገድ ተንሸራሸርኩ።

በሦስተኛው ቀን ዘነበ። ቀለሙ ለቀቀ። ሰው በሙሉ ከትከሻው እስከ ወገቡ ጥቁር ውሃ ወረደበት፤ የባንክ ሠራተኞች ከሰል የጫኑ መስለው ገቡ፤ ርእሰ መምህሩ ያጠለቁት ነጭ ሸሚዝ የሜዳ አህያ ሆነ። በዚህ ላይ ቀለሙ ሲታጠብ ቀይዋ ቀንድ ከሥር እየሳቀች ብቅ አለች። አስካለ ነጠላዋን እየጨመቀች ገባች። ነጠላውን ጠረጴዛዬ ላይ፣ የፍርዱ ግልባጭ ላይ ዘረጋችውና ወደ ጓዳ ሄደች። በዚያ ሳምንት በከተማው ውስጥ የሚወደኝ ሰው አልነበረም። አቶ ይልማ እንኳ ከእኔ ይልቅ ይታዘንላቸው ነበር።

ደግሜ ለፍርድ ቤት አቤት አልኩ። በመጨረሻ የገበያው ልብስ ሰፊዎች ተጠሩና በአቶ ይልማ ወጪ የጃንጥላዎቹ ጨርቅ እየተቀደደ፣ ሽቦው ላይ በየዓይነቱ ሌላ ጨርቅ ተሰፋ፤ ሰማያዊ፣ አበባማ፣ የመጋረጃ ትራፊ፣ አንዳንዱም የፍራሽ ልብስ። እንደዚያ ያለ አስቀያሚ ጃንጥላ በዓለም የለም። እኔም ጡረታ የምወጣበት ቀን ደርሶ ሥራዬን ለተተኪዬ አስረከብኩ። ቃሉ ከልጆቹ አፍ መውጣት አለመውጣቱን ግን አላውቅም ነበር፤ ይህ ሁሉ የደከምኩት ለዚያ ነውና ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ጨርቅ ይቀደዳል፤ ቃል ግን በመቀስ አይያዝም።

ባለፈው ክረምት ሁሩሙ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ከሚኒባስ ስወርድ ዝናብ ወረደብኝ፤ ጃንጥላ አልያዝኩም። አንዲት ደብተሯን በላስቲክ የጠቀለለች ልጅ ከኋላዬ ደርሳ፣ በአበባማ መጋረጃ የተሰፋውን ከፍ አድርጋ ልታስጠልለኝ ተንጠራራች። አብረን መሄድ ጀመርን። ልጠይቃት ፈራሁ። ሰው በዚህ ዕድሜው የአንዲት ልጅ መልስ እንዲህ ሊያስፈራው እንደሚችል አላውቅም ነበር። ቢሆንም አልቻልኩም፤ ጣቴን ወደ ላይ ጠቆምኩና «ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኳት።

ቆመች። ሙሉ ሽማግሌ ይህን እንዴት አያውቅም በሚል ዓይን ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ጃንጥላ ነዋ!» አለችኝ።

«ጎሽ!» አልኳት።